ያልተረገጠ መንገድ ይጠፋል

ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው አደባባይ የሚያልፍ ሰው፣ ባጃጅ የሚጠብቅ የሚመስል፣ ነገር ግን ባጃጅ ሲቆምለት የማይሳፈር የወጣቶች ቡድን ያይ ይሆናል። አንዳንዶቹ የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል፤ አንዱ ማስታወሻ ደብተር፣ ሌላዋ ቴርሞሜትር ይዛለች። በመካከላቸው ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ካያችሁ፣ እርሱ ይህ ጸሐፊ ነው። የምናደርገው ነገር ቀላል ነው። በወር አንድ ጊዜ በእግራችን ከከተማ እንወጣለን። አንዳንዴ የሐይቁን ዳርቻ ይዘን፣ አንዳንዴ ወደ ታቦር ተራራ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ወይም በሐዌላ ቱላ በኩል ባሉት የገጠር የእግር መንገዶች እንጓዛለን። የተመዘገበ ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም በጀትም የለንም።

አንድ ባጃጅ ነጂ በየወሩ ስለሚያየን «መምህር፣ ዛሬም ሒሳብ አጠረ?» እያለ ይቀልድብናል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ይሁን እንጂ በቀልዱ ውስጥ ያለው ጥያቄ እውነተኛ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ መልስ ልሰጠው እሞክራለሁ። የባጃጅ ሒሳብ ያለው ሰው ስለ ምን በእግሩ ይሄዳል? ከዚህም ይልቅ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ መምህርና ተማሪዎቹ ስለ ምን በኅብረት በገጠር መንገድ ይሄዳሉ?

መራመድ የድኻ ዕጣ ነውን?

በመጀመሪያ ጠንካራውን ተቃውሞ ላቅርብ። አብረውን እንዲጓዙ ከጋበዝኳቸው ተማሪዎች አንዱ፣ «መምህር፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከእግር ጉዞ ለመገላገል ነው» አለኝ። ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሄዶ ሁለት ሰዓት ይመለስ ነበር። ለእርሱ መራመድ መዝናኛ ሊሆን አይችልም። የእኔም አባት እንዲሁ ነበር። ወደ ውጭ ሀገር ለትምህርት ሄጄ፣ በእሑድ ቀን ሰዎች ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው በእግር እንደሚጓዙ በስልክ ስነግረው፣ «ከብት ጠፍቶባቸው ነው?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ።

ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም። በሀገራችን ብዙው ሕዝብ የሚራመደው ስለ ወደደ ሳይሆን ግድ ስለሆነበት ነው። ነገር ግን ለመድረስ መሄድና ለመጠየቅ መሄድ ይለያያሉ። ለመድረስ የሚሄድ ሰው ዓይኑ መድረሻው ላይ ነው። ለመጠየቅ የሚሄድ ግን በእያንዳንዱ ኮረብታ፣ በእያንዳንዱ ምንጭ ላይ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ሊል ይችላል። ሁለቱም ተጓዦች ግን የሚረግጡት አንዱን መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዛፍ ግንድ ላይ የተሠራ ስሌት

የፊዚክስን ታሪክ ስናስተምር ሁሉም ነገር በቤተ ሙከራና በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ተፈጸመ አድርገን እናቀርባለን። እስቲ አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1938 በርሊን ውስጥ ኦቶ ሀንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ደብድበው ባሪየም አገኙ። ከከባዱ ዩራኒየም እጅግ የሚቀል ንጥረ ነገር እንዴት ሊገኝ እንደቻለ ሊገባቸው አልቻለም። ሀን ለረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባው ለነበረችው ለሊዘ ማይትነር በደብዳቤ ጻፈላት። ማይትነር በዘሯ ምክንያት ከናዚዎች ሸሽታ በስዊድን የምትኖር ስደተኛ ነበረች። የገናን በዓል ለማሳለፍ ኩንግኤልቭ ወደምትባል ትንሽ ከተማ በሄደች ጊዜ፣ የእኅቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ሊጠይቃት ከኮፐንሃገን መጣ።

ሁለቱ በበረዶው ላይ ወጡ። እርሱ በስኪ፣ እርሷ ደግሞ በእግሯ እየተራመደች ስለ ደብዳቤው ተነጋገሩ። የአቶም ኑክሊየስ እንደ ውሃ ጠብታ ተስቦ ለሁለት ሊከፈል ይችል እንደሆነ አሰቡ። ከዚያም በአንድ የዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጠው በብጫቂ ወረቀት ላይ አሰሉ። ከክፍፍሉ በኋላ የሚጎድለው ክብደት የአንድ ፕሮቶንን አንድ አምስተኛ ያህል እንደሆነ፣ ይህም በአይንሽታይን ቀመር መሠረት ከ200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጋር እንደሚመጣጠን ማይትነር አሰላች። የኑክሊየስ ክፍፍል ትርጉሙን ያገኘው በዚያ የእግር ጉዞ ላይ ነው።

ይህን የምተርከው መራመድ በራሱ ሰውን ሊቅ ያደርጋል ለማለት አይደለም። ማይትነር ከመራመዷ በፊት 30 ዓመት ያህል በጽኑ ሠርታለች። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲራመዱ የመምህርና የተማሪ፣ የታላቅና የታናሽ ርቀት ይጠባል። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይጠየቅ ጥያቄ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይጠየቃል። ይህንን በራሴ ተማሪዎች አይቻለሁ።

ሐይቁ ስለ ምን ጨው አልሆነም?

በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አለች። አንድ ቅዳሜ በሐይቁ ዳርቻ ስንሄድ ላሞች ወርደው ሲጠጡ ቆማ አየቻቸው። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ ከዚህ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «እንግዲያው ስለ ምን ጨው አልሆነም? ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ወደ አብያታ ወስደውን ነበር፤ ዳርቻው ነጭ ሶዳ ነው።»

ለብዙ ዓመታት በዚህ ሐይቅ አጠገብ ፊዚክስን አስተምሬያለሁ። ይህንን ጥያቄ ግን ለራሴ አቅርቤው አላውቅም ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ በምድር ገጽ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ወንዙ ከድንጋይና ከአፈር ያጠበውን ማዕድን ይዞ ይገባል። ፀሐይ ውሃውን ብቻ ታተናለች፤ ማዕድኑን ትታው ትሄዳለች። በዚህ ስሌት ሐይቁ ከዘመን ብዛት እንደ ሻላና እንደ አብያታ ሊኮመጥጥ ይገባው ነበር።

ተመራማሪዎች የሚሰጡት ዋናው ማብራሪያ፣ ውሃው በከርሰ ምድር በኩል በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፤ ሲወጣም የሟሟውን ማዕድን አብሮ ይዞ ይሄዳል የሚል ነው። ሐይቁ ከታች ቀስ ብሎ እንደሚያንጠባጥብ እንስራ ነው ማለት ነው። ተማሪዋ ይህን ከሰማች በኋላ ጥያቄዋን ቀጠለች። የሚሰርገው ምን ያህል ነው? እንዴት ይለካል? የሚገባው ውሃ ቢቀንስስ ምን ይሆናል? ከዚያን ቀን በኋላ በክፍልም ውስጥ ድምፅዋ ይሰማል።

የመጨረሻው ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። በከተማዋ ምሥራቅ በኩል የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተነሱት የሳተላይት ምስሎች ላይ ክፍት ውሃ ሆኖ ይታያል። በ2000 አካባቢ ግን ወደ ረግረግነት ተለውጦ ነበር። ከደጋው የሚወርደውን ደለል ያጣራ የነበረው ይህ ረግረግ ሲሞላ፣ ደለሉ በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ዋናው ሐይቅ የሚደርስበት ዕድል ይሰፋል። በዚያ አቅጣጫ በእግሩ የተጓዘ ተማሪ ይህን በስላይድ ከተማረው ይልቅ በጫማው ላይ በተለጠፈው ጭቃ ያስታውሰዋል።

ወደ ታቦር ስንወጣም እንዲሁ ነው። በሐዋሳ ከፍታ የአየር ግፊቱ 830 ሄክቶ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ግፊት አምስት እጅ አራት ያህሉ ብቻ ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር በየ10 ሜትሩ በግምት አንድ ሄክቶ ፓስካል ይቀንሳል። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ስልኮች የግፊት መለኪያ በውስጣቸው አለ። ከሐይቁ ዳር አንድ ጊዜ፣ ከተራራው ጫፍ ደግሞ ሌላ ጊዜ አንብቡና ልዩነቱን በ10 አባዙት፤ ከሐይቁ በላይ የታቦርን ከፍታ በሜትር ታገኛላችሁ። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ለኩት።

ከጫፉ ላይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ስትመለከቱ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ይታያችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ለዓመታት የተደረጉ የሳተላይት ራዳር ልኬቶች የዚያ ቦታ መሬት በዓመት ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሲል እንደነበር አሳይተዋል። ስምጥ ሸለቆው ራሱ የሚሰፋው በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቆማችሁበት ምድር እንደሚንቀሳቀስ በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ከተራራ ጫፍ ሆኖ የሚንቀሳቀሰውን ምድር መመልከት ግን ሌላ ነው።

የተዘጋው መንገድ

እስካሁን የተናገርኩት ደስ የሚለውን ነው። አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልናገር።

ከከተማዋ ጫፍ ተነሥቶ በሁለት የእንሰት ጓሮዎች መካከል አልፎ ወደ ገጠሩ የሚወስድ አንድ ቀጭን መንገድ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ልጆች ከብት ይነዱበታል፣ እናቶች ውሃ ይቀዱበታል፣ እኛም በየጊዜው እናልፍበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ዘበኛው በትሕትና፣ «መንገድ የለም፣ ጌታዬ» አለኝ። ከተማሪዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ ባለፈው ወር እኮ አልፈንበታል» ቢለው፣ «እርሱ ባለፈው ወር ነው» ብሎ መለሰ።

ዞረን ሄድን። ዙሪያው 40 ደቂቃ ወሰደብን። በዚያው ዙሪያ ላይ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች አንዲት እናት አገኘን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ጠየቅናት። «ሁለት ጊዜ» አለች፤ «በፊትማ ቅርብ ነበር።»

ይህን ወደ ቁጥር እንለውጠው። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ግራም ነው። ሴትየዋ 50 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ የተሸከመችው ከክብደቷ 40 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ሸክም ይዘው ሲራመዱ የሚያወጡትን ኢነርጂ ለክተው ነበር። ሉኦዎቹ በራሳቸው ላይ፣ ኪኩዩዎቹ በግንባራቸው ላይ በሚያርፍ ጠፍር ወደ ጀርባቸው ይሸከማሉ። ተመራማሪዎቹን ያስደነቃቸው ውጤት፣ ሴቶቹ ከክብደታቸው እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ከባዶ እጅ ጉዞ የተለየ ኢነርጂ ሳያወጡ መሸከማቸው ነው። በኋላ የተደረገ ጥናትም ምክንያቱን አመለከተ። የሚራመድ ሰው እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰውነቱ ከፍና ዝቅ ሲል የእንቅስቃሴው ኢነርጂ ወደ ከፍታ ኢነርጂ፣ ከዚያም መልሶ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱት እነዚህ ሴቶች ሸክም ሲይዙ ያንን ልውውጥ ከሌላው ሰው በተሻለ ብልሃት ያካሂዱታል።

ነገር ግን ብልሃቱ ወሰን አለው። ከ20 በመቶው በላይ ያለው እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ ያስከፍላል። የእኛዋ እናት የተሸከመችው የዚያን እጥፍ ነው። ለእኛ ያ ቆርቆሮ በአንድ ቅዳሜ 40 ደቂቃ ነበር፤ ለእርሷ ግን በየቀኑ ነው። ለመጠየቅ የሚሄድና ለመድረስ የሚሄድ ሰው አንድ መንገድ ይረግጣሉ ያልኩት ለዚህ ነው። መንገዱ ሲዘጋ የሁለቱ ኪሳራ ግን እኩል አይደለም።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። ለተማሪዎቼ «እኛ የሳይንስ ሰዎች ነን፤ የመሬት ጉዳይ የእኛ ሥራ አይደለም» አልኳቸው። ዓመት አለፈ። ዘንድሮ አብረውን የሚጓዙት አዳዲስ ተማሪዎች በዚያ መንገድ እንደ ነበረ አያውቁም። ያጠረውም ሰው ምናልባት ሕጋዊ ፈቃድ ይኖረው ይሆናል፤ ይህን አላጣራሁም። ፈቃድ የሰጠውም ባለሙያ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። በፊቱ በተዘረጋው ካርታ ላይ መንገዱ ካልተሣለ፣ ለእርሱ መንገዱ የለም። ያልተመዘገበ ነገር ለፕላን አውጪ ባዶ ቦታ ነው።

ከአንድ ሽማግሌ የተማርኩት

ለዶክትሬት ትምህርቴ በሰሜን እንግሊዝ በነበርኩበት ዘመን፣ በእሑድ ቀን ከአንድ የአካባቢ የእግር መንገዶች ማኅበር አባላት ጋር እጓዝ ነበር። በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ማኅበር ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬም ድረስ የሚሠራው የፒክ ዲስትሪክትና የሰሜን አውራጃዎች የእግር መንገዶች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በየኮረብታው የተከላቸው አረንጓዴ የብረት ምልክቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ሁልጊዜ ከፊት የሚሄድ አንድ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነበር። በአንድ ኪሱ ካርታ፣ በሌላው የቁጥቋጦ መቁረጫ መቀስ ይይዛል። አንድ ቀን ሽቦ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። እኔ ከባለ እርሻው ጋር ይጣላል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ግን ደብተሩን አውጥቶ ቦታውን፣ ቀኑንና ያየውን ነገር ጻፈ፤ ዞረንም ሄድን። በሚቀጥለው ሳምንት ለአካባቢው ምክር ቤት ደብዳቤ ላከ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሽቦው በነበረበት ቦታ ትንሽ በር ተሠርታ አገኘናት።

በእርግጥ በዚያች ሀገርም ነገሩ ያለ ትግል አልመጣም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች፣ ለባለጸጎች አደን ተብሎ ወደ ተዘጋው ኪንደር ስካውት ተራራ በኅብረት ወጡ። አምስቱ ወደ እስር ቤት ተላኩ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949 የወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች የሕዝብ የእግር መንገዶችን በካርታ ላይ እንዲመዘግቡ አዘዘ። በ2000 የወጣውም ሕግ በተራራማና ገላጣ ቦታዎች የመራመድን መብት አሰፋ። ከሁሉ በላይ በአእምሮዬ የቀረው ግን የሽማግሌው ደብተር ነው። ያደረገው ምን ነበር? አየ፣ ለካ፣ ቀኑን መዘገበ፣ ለሚመለከተው አሳወቀ። ይህ በየላቦራቶሪው የምናስተምረው ሥራ አይደለምን? እኔ «የእኛ ሥራ አይደለም» ያልኩት ነገር በትክክል የእኛ ሥራ ነበር።

በእኛ ሀገር ምን ይቻላል?

የእንግሊዝን ሕግ እንዳለ እናምጣ አልልም። የእኛ የመሬት ሥርዓት ሌላ ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመሬት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰጥቷል። የገጠር መንገዶቻችንን እስከ ዛሬ ክፍት ያደረጋቸው የተጻፈ ሕግ ብቻ ሳይሆን ልማድና ጉርብትና ነው። የሰው ማሳ ዳር ሲታለፍ ሰላምታ ይሰጣል፤ አላፊም አይከለከልም። ይህ ልማድ በገጠር እስከ አሁን ጠንካራ ነው። የሚሰበረው ከተማ እየሰፋ ገጠሩን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ሐዋሳም በፍጥነት ከሚያድጉት ከተሞቻችን አንዷ ናት።

በኅብረት መጓዝም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባላቱን ወደ ሜዳ እያወጣ ወፎችንና ዕፅዋትን ያሳይ ነበር። በላሊበላ አካባቢ በመቄት ወረዳ ደግሞ፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የገበሬ ማኅበረሰቦች በራሳቸው የእግር መንገዶች ተጓዦችን ከመንደር መንደር እየመሩ ገቢ አግኝተዋል። መንገዱ ለገበሬው የገበያ መንገድ፣ ለእንግዳው የጉብኝት መንገድ ሆኖ ሁለቱንም አገልግሏል። በዚሁ በሐዋሳም፣ የሲዳማ ሕዝብ የፊቼ ጫምባላላ በዓል መነሻ ተብሎ የሚተረከው፣ ባገባች በኋላ በየዓመቱ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትመጣ የነበረች የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የዚህ በዓል ቀን የሚወሰነው አዋቂዎች የከዋክብትን እንቅስቃሴ ተከታትለው ነው። መጠያየቅንና ሰማይን መመልከትን ያስተሳሰረ ሕዝብ መካከል ነው የምንኖረው።

ስለዚህ ለየትምህርት ክፍሉና ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በወር አንድ ጊዜ በኅብረት ተጓዙ። የሄዳችሁበትን መንገድ በስልካችሁ የጂፒኤስ መሣሪያ መዝግቡ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ነጻ ካርታ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ስለሆነ፣ ማንኛውም ተማሪ ጥቂት ሰዓት ከተለማመደ በኋላ የሰፈሩን የእግር መንገድ ሊሥልበት ይችላል። መንገዱን ማን እንደሚጠቀምበት፣ ወዴት እንደሚወስድ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ ካርታውን ለቀበሌውና ለከተማው ፕላን ባለሙያዎች ስጡ። ክስ አይደለም፤ መረጃ ነው። ባለሙያው ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት «እዚህ ጋ እናቶች ውሃ ይቀዳሉ» የሚል መስመር በካርታው ላይ ካየ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ሊያስቀር ይችላል።

የጉዞ ሥርዓትም ያስፈልጋል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይምራችሁ፤ ጊዜው ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማሳ አትርገጡ፤ በጓሮ ስታልፉ አስፈቅዱ። ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሱ። የቡድኑ ፍጥነት የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ይሁን። ውሃና ቆሎ ተካፍላችሁ ያዙ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። የደከመው ቢቀመጥ አትሳቁበት፤ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ የተጣበበ መሆኑን፣ ተማሪው ለፈተና መዘጋጀት እንዳለበት ይነግሩኛል። እውነት አላቸው፤ በወር የምንወስደው ግማሽ ቀን ከሌላ ነገር የተቀነሰ ነው። ነገር ግን ቀመርን ሸምድዶ በሐይቁ ዳር እየኖረ፣ ሐይቁ ስለ ምን ጨው እንዳልሆነ ጠይቆ የማያውቅ ተመራቂ ለሀገሩ ምን ያህል ይጠቅማል? ይህን የምለው ራሴ ለዓመታት እንዲያ የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ያንን የተዘጋ መንገድ በተመለከተ፣ ባለፈው ወር ከሦስት ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን በድሮ ማስታወሻዎቻችንና በስልኮቻችን ላይ በቀሩት ምልክቶች እየተመራን በካርታ ላይ ሣልነው። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ፣ እስከ መቼ ክፍት እንደ ነበር፣ ዙሪያው ምን ያህል እንደሚያስረዝም ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል አስገባን። እስካሁን መልስ አላገኘንም። ዘግይተናል፤ አንድ ዓመት መዘግየታችንንም በደብዳቤው ላይ አልሸሸግንም።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በዚያው በገብርኤል አደባባይ እንገናኛለን። ውሃ፣ ኮፍያና ደብተር ይዛችሁ ኑ። መነሻችን ሐይቁ ዳር ነው፤ የአየር ግፊቱን አንብበን ወደ ታቦር እንወጣለን። ባጃጅ ነጂው ቢቀልድባችሁ አትቀየሙት፤ በዚህ ጊዜ አብሮን እንዲመጣ ጋብዤዋለሁ፣ እርሱም «አስብበታለሁ» ብሎኛል።